በሞቃታማ ሐይቆች ላይ የሚንሳፈፈው የዓሣ ማርቢያ ኬጅ ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር ሲመዘን

ከጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ በክብ ተሠርቶ የናይለን መረብ የሚንጠለጠልበት ተንሳፋፊ ኬጅ ከተንሳፋፊ መኖ ጋር ተጣምሮ «ለአካባቢ ተስማሚ» እየተባለ ይሸጣል። እዚህ የምመዝነው ቲላፒያ በሚረባባቸው፣ ጨዋማ ባልሆኑ ሞቃታማ ሐይቆች ላይ ያለውን ጠባይ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ስያሜው ግን አይገባውም፤ ምክንያቱም ተስማሚነቱን የሚወስነው ኬጁ ሳይሆን የሚቀመጥበት ውኃና በዚያው ሐይቅ ላይ ያሉት ኬጆች ብዛት ነው።

ስለ አካሉ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ቱቦው እንደ ብረት በርሜል አይዝግም፤ ማዕበል ሲመታውም ይለመጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። መረቡን ግን ሳያሰልሱ መፈተሽ ይገባል፤ የናይል ቲላፒያ ነባር ባልሆነበት ሐይቅ የሚያመልጥ ዓሣ ከአገሬው የቲላፒያ ዝርያዎች ጋር ተዳቅሎ ዘራቸውን ሊያጠፋ ይችላልና።

ክብደት የምሰጠው ለመኖው ነው። ተንሳፋፊ መኖ ውኃው ላይ ስለሚቆይ አርቢው ዓሣው መብላት ሲያቆም አይቶ እጁን ይሰበስባል፤ ይህም ከሚሰምጠው መኖ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ብልጫ ነው። ሆኖም በከረጢቱ ግርጌ የሚጠራቀመው ብናኝ ዓሣው ሳይቀምሰው በቀጥታ ሐይቁን የሚያዳብር በመሆኑ መኖው ከመሰጠቱ በፊት በወንፊት መነፋት አለበት። ብናኙ ተነፍቶም ሒሳቡ ከባድ ነው። አንድ ቶን ዓሣ ለማሳደግ 1.6 ቶን መኖ ቢያስፈልግና የመኖው 1.2 በመቶ ፎስፈረስ (እንደ ማዳበሪያ ዕፅ የሚያሳድግ ንጥረ ነገር) ቢሆን፣ ወደ ውኃው የሚገባው ፎስፈረስ 19 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በዓሣው ሥጋና አጥንት ተይዞ ከሐይቁ የሚወጣው ግን 8 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። የቀረው እዚያው ቀርቶ አልጌ የተባሉትን በውኃ ውስጥ የሚያድጉ ደቃቅ አረንጓዴ ዕፆች ያለመልማል።

የሞቃታማ ሐይቅ አደጋ የሚጎላው ከታች ነው። በከፍተኛ ሙቀት የውኃ እፍግታ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ብዙ ስለሚለወጥ የላዩና የታቹ ውኃ ሳይቀላቀሉ ለረጅም ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ፤ በዚህ መሀል ከኬጁ ሥር የሚከማቸው የዓሣ ዓይነ ምድርና የመኖ ትራፊ እየበሰበሰ የታችኛውን ውኃ ኦክስጅን ይጨርሳል። ከእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚወጣ ጭቃ ጥቁር ነው፤ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ብርድና ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ ውኃው ሲገለባበጥ ኦክስጅን አልባው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓሣውም ታፍኖ ያልቃል። በፊሊፒንስ ታአል ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በኢንዶኔዥያ ቶባ ሐይቅ ደግሞ በ2016 የታየው የጅምላ እልቂት ከኦክስጅን እጥረት ጋር የተያያዘ ነበር።

ሻጮች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ኬጁን በየጊዜው ወደ ሌላ ቦታ ማንቀሳቀስ ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ጭቃው ፋታ ያገኛል። ፎስፈረሱ ግን ኬጁ የትም ቢዛወር ከሐይቁ አይወጣም፤ ውኃው እስኪታደስ ዓመታት በሚወስድበት ሐይቅ ደግሞ በየዓመቱ ይደራረባል። ስለዚህ በሐይቁ ላይ በጠቅላላው ስንት ቶን ዓሣ እንዲረባ እንደሚፈቀድ የወሰነ አካል በሌለበት፣ ወይም ወሰኑ ቀድሞ በሞላበት ቦታ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ኬጅ እንዲገዛ አልመክርም። ወሰን ተበጅቶ፣ ውኃው ጥልቅና ፈሰስ ያለው ሆኖ፣ ንጋት ላይ ከመረቡ ሥር ኦክስጅን የሚለካ ሰው ካለ ግን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም።

አንድ ጉድለት ሳልጠቅስ አላልፍም። ኬጆች ውኃ ስለሚጋሩ በሽታም ይጋራሉ፤ በጋና ቮልታ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2018 የታየው የቫይረስ ወረርሽኝ ብዙ አርቢዎችን ጎድቷል። የሞተ ዓሣ በየዕለቱ ተለቅሞ ከዳርቻው ርቆ መቀበር ሲገባው፣ ለዚህ የሚሆን ክዳን ያለው መያዣም ሆነ ባለ ረጅም እጀታ መልቀሚያ መረብ ከዕቃው ጋር አብሮ አይመጣም፤ ገዢው ኬጁን ውኃ ላይ ከማሳረፉ በፊት ሁለቱንም ለብቻ ማዘጋጀት ይኖርበታል።