የኤክስኤን-1000 የደም ሴል መቁጠሪያ፦ በጨቅላ ሕፃናት ላቦራቶሪ ዓይን

መቀመጫውን በጃፓኗ ቆቤ ያደረገው ሲስሜክስ የሚያመርተው ኤክስኤን-1000 በሰዓት እስከ 100 ናሙና ይሠራል። እኔ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ የማደንቅለት ኑክሌየሳቸውን (የሴሉን አስኳል) ገና ያልጣሉ ቀይ የደም ሴሎችን በእያንዳንዱ የሲቢሲ (የሙሉ ደም ቆጠራ) ውጤት ላይ ለይቶ መቁጠሩን ነው።

እነዚህ ያልበሰሉ ሴሎች በጤነኛ ዐዋቂ ደም ውስጥ በተለምዶ አይታዩም፤ በተወለዱ ሕፃናት ደም ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይገኛሉ። ብዙዎቹ የቆዩ መሣሪያዎች ከነጭ የደም ሴል ጋር ስለሚደምሯቸው የነጭ ሴሉ ቁጥር ከእውነተኛው በላይ ይወጣል፤ ባለሙያውም በማይክሮስኮፕ 100 ነጭ ሴል እስኪሞላ ድረስ ስላይዱን እያየ፣ በመካከል ያገኛቸውን ያልበሰሉ ቀይ ሴሎች መዝግቦ ውጤቱን በስሌት ማረም ይኖርበታል። ኤክስኤን የሴሎቹን ኑክሊክ አሲድ በሚያበራ ቀለም ነክሮ በሌዘር ስለሚለያቸው እርማቱን ራሱ ይሠራል። ኢንፌክሽን ለተጠረጠረበት ጨቅላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚስበው ደም 88 ማይክሮሊትር ብቻ መሆኑም መልካም ነው፤ እርግጥ በቱቦው ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ደም መኖር አለበት።

የዚህ ቁጥር ትርጉም ከእርማትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሾክሮላህ ኤላሂና ባልደረቦቹ በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ሲዲ71 የተባለውን ፕሮቲን የተሸከሙት ያልበሰሉ ቀይ ሴሎች አርጂኔዝ-2 በተሰኘ ኤንዛይም አማካይነት የሰውነትን የመከላከያ ምላሽ እንደሚገቱ አሳይተዋል፤ ኤንዛይሙ የመከላከያ ሴሎች የሚፈልጉትን አርጂኒን ያፈርሳል። በአዲስ የተወለዱ አይጦች ውስጥ እነዚህ ሴሎች ሲቀነሱ ግልገሎቹ ጎጂ ባክቴሪያን በተሻለ ተቋቁመዋል፤ ነገር ግን አንጀታቸው በውስጡ መስፈር የጀመሩትን የተለመዱ ባክቴሪያዎች በሰላም ከመቀበል ይልቅ ተቆጥቷል። እንግዲህ የጨቅላው መከላከያ ዝግ ማለት ከድክመት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሰውነቱ ሆን ብሎ የያዘው ልጓምም አለበት።

መሣሪያው ይህን ልጓም አይለካም። የሚነግረን ብዛት እንጂ ተግባር አይደለም፤ ሲዲ71ን ለማየት ፀረ እንግዳ አካል የሚጠቀም ፍሎው ሳይቶሜትር፣ ማለትም ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር የሚመረምር ሌላ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ኑክሌየሳቸውን ጥለው ገና ያልበሰሉትን ሬቲኩሎሳይቶች የሚቆጥረው ደግሞ የራሱ ቀለም ያለው ሌላ ቻናል (የመለኪያ ክፍል) ስለሆነ፣ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል መሣሪያውን የሚገዛ ሆስፒታል ያ ቻናል በትእዛዙ መካተቱንና የሪኤጀንቱ (የምርመራ ኬሚካሉ) አቅርቦት አስተማማኝ መሆኑን ውል ከመፈረሙ በፊት ያረጋግጥ።