የአዳማ ልዩ ፈተና ወይስ መደበኛ ምደባ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የአቶቴ ሰፈር እናቶች ሁሉ ይደውሉልኛል። «ልጄ የአዳማን ልዩ ፈተና ይፈተን ወይስ ዝም ብሎ ምደባውን ይጠብቅ?» ነው ጥያቄው። ልዩ ፈተናው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለብቻው የሚሰጥ ነው፤ መደበኛው ደግሞ ትምህርት ሚኒስቴር በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የሚመድብበት። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩ ነኝና ለመደበኛው አደላለሁ፤ ቀድማችሁ እወቁልኝ።

መጀመሪያ ብሩን እንጨርስ። ልዩ ፈተናውን ማለፍ ነፃ ትምህርት የሚያስገኝ የሚመስላቸው አሉ፤ አያስገኝም። አዳማም ሐዋሳም የመንግሥት ናቸው፤ ተማሪው የሚፈርመው የኮስት ሼሪንግ ውል፣ ማለትም ተመርቆ የሚከፍለው የወጪ መጋራት፣ አንድ ነው፦ ምግብና ዶርም ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶ። ኢንጂነሪንግ የትም ቢሆን 5 ዓመት ነው፤ ብዙው ሌላ ትምህርት 4። የአንድ ተማሪ የካፌ ምግብ በጀት በቀን 100 ብር ከሆነ ያቺ የምትጨመረው አንድ ዓመት በ10 ወር ብቻ 30,000 ብር ናት። ከሐዋሳ በሞጆ አዳማ መመላለሻውንና የበዓል ሰሞን ታሪፉን እናንተው ደምሩት።

እኔን ያከሰረኝ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ሊፈተን ሲል ከቴሌግራም «ያለፉት ዓመታት ልዩ ፈተና ከነመልሱ» የሚል ፋይል በ800 ብር ገዛሁ። ሳላየው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩት፦ 160 ገጽ፣ ገጹ 5 ብር፣ ሌላ 800። ማታ ስናየው የድሮ ማትሪክ ጥያቄ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ተቆርጧል። ምርጫው እስከ «ዲ» የሆነ ጥያቄ መልሱ «ኢ» ተብሏል! ሻጩን ስጠይቀው ብሎክ አደረገኝ። ስለዚህ ከመሀል ሁለት ገጽ ሳያሳያችሁ ብር አትላኩ። «የዘንድሮው እጄ ላይ አለ» የሚል ደግሞ ሌባ ነው፤ አትከራከሩት። ወንድሜን የጠቀመው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመንግሥት መጽሐፍና የተሳሳተውን የሚመዘግብበት ደብተር ነው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንጂነሪንግ ብቻ አይደለም፤ አፕላይድ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ጂኦሎጂም አለው። ዲፓርትመንት የሚደርሰው በፍሬሽማን (በመጀመሪያው ዓመት) ውጤት ነው፤ ተፎካካሪው ደግሞ ሁሉም የየትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረ ነው። «ሶፍትዌር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ» የሚል ልጅ ይህን አስቦ ይግባ። የሥራ ማስታወቂያ «ሲጂፒኤ 3.00 እና በላይ» (የመመረቂያ አማካይ ነጥብ) ሲል ግቢው ይክበድ ይቅለል አይጠይቅም። ተመራቂ የሚወስደው የመውጫ ፈተናም ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ።

ሐኪም መሆን የሚፈልግማ አዳማ ምን ይሠራል? የአሰላው ሕክምና ትምህርት ቤት ድሮ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነበር፤ ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ሳያጣሩ ልጃቸውን ለወራት ያስጠኑ ጎረቤት አሉኝ።

አዳማ የሚያዋጣው ቤተሰቡ እዚያው ላለና ፊዚክስም ቢደርሰው ለማይከፋው ልጅ ነው። ወንድሜ ፊዚክስም ቢደርሰው ስለማይከፋው ተፈትኖ አልፎ ገባ፤ እኔም አልከለከልኩትም። ያንን 160 ገጽ ይዞት ሄዷል፤ በጀርባው ሒሳብ ይሠራበታል፣ እስካሁን አላለቀለትም።