ለብጉር የሚዋጡ አንቲባዮቲኮች፦ ዶክሲሳይክሊን ወይስ አዚትሮማይሲን?

ደብረ ብርሃን ውስጥ መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣል። በተለይ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት። አንዱ ዶክሲ ለጓደኛው እንደሠራለት ሰምቶ ይመጣል። ሌላዋ አዚትሮማይሲን ሦስት ፍሬ ውጣ ፊቷ ጠርቶ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ተመለሰባት። ብዙዎቹ ማዘዣ አይዙም። እነዚህ መድኃኒቶች ግን ያለ ማዘዣ መሸጥ የለባቸውም፤ እኔም ማዘዣ እጠይቃለሁ። ቢሆንም ሐኪም ፊት ከመቅረባችሁ በፊት ልዩነታቸውን ብታውቁ ጥሩ ነው። የቱ ለእናንተ ኑሮ እንደሚስማማ መናገር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ለሁሉም ብጉር አይደለም። አፍንጫና ግንባር ላይ ለሚወጡ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወይም አልፎ አልፎ ብቅ ለሚሉ ፍሬዎች የሚቀባው ይበቃል። እንክብሉ የሚያስፈልገው ብጉሩ ሲቀላ፣ ሲያም፣ መግል ሲይዝ፣ ወደ ደረትና ጀርባ ሲወርድ ነው። ሌላም አለ። ብጉሩ ከዳነ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ምልክት አንቲባዮቲክ አያጠፋም። አልሠራልኝም ብለው ከሚመለሱት ብዙዎቹን ቀረብ ብዬ ሳያቸው ብጉሩ ደርቋል፤ የቀረው ምልክቱ ነው። እሱ ሌላ ሕክምናና የወራት ትዕግሥት ይፈልጋል።

ዶክሲሳይክሊን

ማርገዝ ለማያስቡ አዋቂዎች እኔ የማስቀድመው ይህን ነው። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የብጉር ሕክምና መመሪያ ከሚዋጡት አንቲባዮቲኮች አጥብቆ የመከረው ዶክሲሳይክሊንን ነው። ጀርሙን ከማዳከም አልፎ የቆዳውን መቆጣት ራሱን ያበርዳል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በቀን 100 ሚሊግራም ነው። ዋጋውም ከሌሎቹ አንጻር ቀላል ነው።

የወሰዱ ሰዎች የሚነግሩኝ ታሪክ ይመሳሰላል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም ለውጥ የለም። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ እዚያው ያቋርጣል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የታገሠ ግን አዲስ የሚወጣው ብጉር እየቀነሰ መምጣቱን ያያል። ለውጡ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።

ቅሬታው በአብዛኛው ከሁለት ቦታ ይነሳል።

አንደኛው ጉሮሮና ጨጓራ ነው። ካፕሱሉን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ ወዲያው የተኛ ሰው ሌሊት ደረቱ ይቃጠልበታል። ካፕሱሉ የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከምግብ በኋላ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ። ጾም ላይ ያለ ሰው ጠዋት ባዶ ሆዱን ከሚውጠው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልቶ ቢውጠው ይሻለዋል። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል፤ ዋናው መኝታ ሰዓት ላይ አለመዋጥ ነው። በቀን አንዴ መሆኑ ለጿሚ በጣም ያመቻል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቶሎ ይቀበሉታል፤ ሙቀቱን ያውቁታል። የሚዘናጋው ደገኛው ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የማያቃጥል ይመስላል። ከተማዋ ግን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የሚያቃጥለው ጨረር ደግሞ በየ1000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እርሻ ላይ፣ ገበያ ላይ ወይም ግንባታ ላይ የሚውል ሰው ሰፊ ባርኔጣ ወይም ነጠላ ያስፈልገዋል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም መግዛት የሚችል ቢጨምርበት ጥሩ ነው። ያልተጠነቀቀ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ይላጣል፤ የብጉሩ ምልክትም ይብስበታል።

ነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለብጉር ብለው አይወስዱትም። የምታጠባ እናትም ለወራት እንድትወስደው አይመከርም። የደም ማነስ መድኃኒት፣ ማለትም አይረን፣ ወይም የጨጓራ ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ በሰዓታት አራርቁት፤ አብረው ሲዋጡ ዶክሲው በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ኃይለኛ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

አዚትሮማይሲን

ሰው የሚወደው ስለሚያጥር ነው። ለብጉር ሲታዘዝ በየቀኑ አይደለም፤ ለምሳሌ በሳምንት ሦስት ቀን 500 ሚሊግራም፣ ለተወሰኑ ሳምንታት። ፀሐዩን እንደ ዶክሲ አያከብደውም። ነፍሰ ጡር ላይም ሐኪም ካመነበት ሊታዘዝ ይችላል። ከዶክሲ ጋር ጎን ለጎን በታየባቸው አንዳንድ ጥናቶችም ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል።

እንዲህ ከሆነ ለምን አላስቀድመውም? ምክንያቱ እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው።

በአማራ ክልል ያደገ ሰው ይህን መድኃኒት ያውቀዋል። ለትራኮማ በዘመቻ የሚሰጠው እሱ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ስለዋጠው ምንም የማያመጣ ቀላል ነገር አድርጎ ያየዋል። ግን ዓይንን ከመታወር የሚያድን መድኃኒት ነው። ለብጉር ሦስት ፍሬ እየገዛን በየወሩ ብንውጠው በሰውነታችን ያሉ ጀርሞች ይለምዱታል፤ የለመደው ጀርም ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንቲባዮቲኮችን ሲመድብ ዶክሲሳይክሊንን መጀመሪያ ከሚሞከሩት ጋር፣ አዚትሮማይሲንን ግን በተለየ ጥንቃቄ ሊሰጡ ከሚገባቸው ጋር አድርጎታል። ይህን ነገር አጥብቄ የምናገረው ስለሚያሳስበኝ ነው።

የሦስት ቀኑ ፓኬት ለብጉር የተሠራ ሕክምና አለመሆኑንም እወቁት። ፊታቸው ጠርቶ ተመለሰብን የሚሉት አብዛኞቹ እሱን የወሰዱ ናቸው። ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥም ያመጣል። የልብ ሕመም ያለበት፣ በተለይ የልብ ምቱ የሚዛባ ሰው፣ ለሐኪሙ ሳይናገር መጀመር የለበትም። ለወራት ሲሰላ ዋጋውም ከዶክሲ ይበልጣል።

ሌሎቹስ?

ቴትራሳይክሊን የዶክሲ ታላቅ ወንድም ነው። ይሠራል፤ አወሳሰዱ ግን አስቸጋሪ ነው። በባዶ ሆድ፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መዋጥ አለበት። ወተት ወደ ደም የሚገባውን መጠን በግማሽ ሊቀንሰው ይችላል። ወተት በማይጠፋበት ቤት ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ዶክሲንም ወተት በመጠኑ ይነካዋል፤ የቴትራሳይክሊንን ያህል ግን አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ቴትራሳይክሊን ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ቤት የተቀመጠ አሮጌ ካለ አትንኩት።

ኤሪትሮማይሲን ጨጓራ ላይ ይከብዳል፤ የብጉር ጀርምም በብዙ ቦታ ተላምዶታል። ዛሬ የሚታሰበው ዶክሲ ለማይፈቀድላቸው፣ ለምሳሌ ለነፍሰ ጡር ነው። ሚኖሳይክሊን ይሠራል፤ ግን ማዞር ያመጣል፣ ሲቆይም ቆዳን ወደ ሰማያዊ ግራጫ ሊለውጥ ይችላል። ኮትሪሞክሳዞልን ለብጉር በራሳችሁ አትሞክሩ፤ አልፎ አልፎ ቆዳን የሚገፍ አደገኛ አለርጂ ያስነሳል። አሞክሳሲሊን ደግሞ ለተለመደው ብጉር የሚታዘዝ አይደለም።

የትኛው ለማን?

ከቤት ውጭ ብዙ የማይውል፣ ማርገዝ የማያስብ፣ ማታ በልቶ ቶሎ የማይተኛ ሰው ዶክሲ ይስማማዋል። ቆላ ወርዶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚሠራ፣ መከላከያም የማይመቸው ሰው ይህንን ለሐኪሙ ይንገር፤ አዚትሮማይሲን ለአጭር ጊዜ ሊታሰብለት ይችላል። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከሁሉ በፊት ይህንኑ ትናገር። የእርግዝና መከላከያ ፒል የምትወስዱ ሴቶች ዶክሲ ፒሉን ያበላሻል የሚለውን አትፍሩ፤ ካስመለሳችሁ ወይም ኃይለኛ ተቅማጥ ከያዛችሁ ብቻ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ሴቶች ላይ አንቲባዮቲክ የብልት ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ ሊያመጣ እንደሚችልም እወቁ። በቀላሉ ይታከማል፤ አፍራችሁ አትደብቁት።

የትኛውንም ብትመርጡ ብቻውን አትውሰዱት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል የሚቀባ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ጀርሙ አንቲባዮቲኩን እንዳይለምድ ያግዛል። በ2.5 ወይም በ5 በመቶ ጀምሩ። መጀመሪያ ላይ ያደርቃል፣ ትንሽም ያቃጥላል። ቀለም ያለው ልብስና ትራስ ስለሚያነጣ ማታ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉ። የሚዋጠው ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ ብጉሩ እንዳይመለስ የሚጠብቀው የሚቀባው ነው። እንክብሉን ጨርሰው የሚቀባውንም አብረው የጣሉ ሰዎች ናቸው በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚጀምሩት።

ፊት ለማቅላት ወይም ብጉር ለማጥፋት ተብሎ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት የምትቀቡ ካላችሁ ለሐኪሙ አትደብቁ። ቅባቱ ራሱ ብጉር ያወጣል። እሱ ሳይቆም ዶክሲም ሆነ አዚትሮ ገንዘብ ማባከን ነው።

ብጉሩ ከቆዳ ስር እየጠጠረ ጠባሳ የሚተው ከሆነ፣ ወይም ሴት ሆናችሁ የወር አበባ ከመዛባቱ ጋር ፊት ላይ ፀጉር ከበዛ፣ መድኃኒት ቤት ጊዜ አታጥፉ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄዳችሁ የቆዳ ሐኪም ጠይቁ፤ ካስፈለገም አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል። እዚያ አይሶትሬቲኖይን የሚባለው ለከባድ ብጉር የሚዋጥ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ የጀመራችሁትን ዶክሲ ማቆማችሁን አረጋግጡ፤ ሁለቱ አብረው አይዋጡም። አይሶትሬቲኖይን ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሴቶች ያለ እርግዝና ምርመራና ያለ አስተማማኝ መከላከያ አይጀምሩትም።