ለካ የእናቴ ጆሮ ደህና ነበር

ይህን የምጽፈው የቤታችንን የኢንተርኔት ስልክ ላስተካከለልን ባለሙያ በሰው ፊት ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጽፍም። ሥራውን ሳልናገር ብቀር ግን ቅር ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእናቴ ጋር ማታ ማታ በኢንተርኔት በሚሠራው የቤት ስልካችን እናወራለን። ከጥቂት ወራት ወዲህ ድምፄ ይቆራረጥባት ጀመር። "ምን አልሽ?" "እስቲ ድገሚው።" "ሄሎ?" ወሬያችን በሙሉ ይኸው ሆነ። እኔ እሷን ጥርት አድርጌ ነው የምሰማት። እሷ ጋ ግን ከቃሉ ግማሹ ነው የሚደርሰው። አንድ ማታ "ልጄ፣ ጆሮዬ ደክሟል መሰለኝ። እየጮኽሽ አትድከሚ፣ በሳምንት አንዴ ብትደውዪ ይበቃኛል" አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አገልግሎት ሰጪው ጋ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። "ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት" ይሉኛል። ለአንድ ቀን ደህና ይሆንና ይመለሳል። ቀጥሎ "ከፍ ያለ ፓኬጅ ይግዙ" አሉኝ፣ ገዛሁ። ፍጥነት ስለካ ቁጥሩ አድጓል። የእናቴ "ምን አልሽ?" ግን አልቀነሰም።

ይህን ባለሙያ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ገና ከመግባቱ የጠየቀኝን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። "የሚቆራረጠው አንቺ ጋ ነው ወይስ እሳቸው ጋ?" እሷ ጋ አልኩት። "ስንት ሰዓት ላይ ይብሳል?" ማታ፣ ሁላችንም ቤት ስንገባ። "እንግዲያው መጀመሪያ አፕሎዱን ነው የምናየው" አለ። የእኔ ድምፅ ከቤት የሚወጣው በአፕሎድ ነው፣ የእሷ የሚገባው በዳውንሎድ። እኔ እየሰማሁ እሷ ካልሰማች፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሚወጣው መንገድ ነው።

ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘና ፒንግ ማድረግ ጀመረ፣ ማለትም ትንሽ መልእክት እየላከ መልሱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመለስ መለካት። ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ስለነበር መልሱ በ20 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመጣል። "አሁን ቤቱን ልክ እንደ ማታው አድርጉልኝ" አለ። የልጆቹን ታብሌት፣ የእኔንና የባለቤቴን ስልክ ዋይፋይ ላይ አስገብተን ቻርጅ ላይ ሰካናቸው። ብዙም አልቆየም። 20 የነበረው 90 ሆነ፣ 300 ሆነ፣ 800 አለፈ። ከዚያ ለአንዳንዱ መልእክት ጭራሽ መልስ ጠፋ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና መልስ የጠፋበት ቦታ ላይ ጣቱን አድርጎ "እናትሽ 'ሄሎ?' የሚሉት እዚህ ጋ ነው" አለኝ።

ለካ ስልኮቻችን ቻርጅ ላይ ሲሆኑ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው ወደ ክላውድ ይልካሉ። እኛ ልብ አላልነውም፣ አፕሎዱ ግን ጢም ይላል። የድምፅ ጥሪ ብዙ ቦታ አይፈልግም። በተለመደው አሠራር በየአቅጣጫው በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል። የሚፈልገው በሰዓቱ መድረስን ነው። ንግግሬ በሰከንድ 50 ቦታ እየተከፈለ በትንንሽ ፓኬቶች ይላካል። ፎቶ ቢዘገይ ቆይቶ ይደርሳል። ድምፅ ግን ተራው ካለፈ በኋላ ቢደርስ ይጣላል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። የእኔ ድምፅ ደግሞ ከቪዲዮ ኋላ ወረፋ ይዞ ይቆም ነበር። አዲሱ ፓኬጅ ያልጠቀመንም ለዚሁ ነው። ያደገው ዳውንሎዱ ነው፣ አፕሎዱ እንዳለ ነበር።

አዲስ ዕቃ ግዢ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። "ራውተርሽ ይበቃል" አለኝ። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ የአፕሎዱን ገደብ ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አደረገው፣ ወደ 90 በመቶ ግድም፣ መስመሩ እንዳይጨናነቅ። ለቤት ስልኩ ቅድሚያ ሰጠው። የቤት ስልኩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን አዳፕተርም ከዋይፋይ አውጥቶ በኬብል አገናኘው። ፎቶ መላክ ማቆም እንኳ አላስፈለገንም።

ሌላም ነገር ነበር። አልፎ አልፎ ስልኩ ይነሳና አንደኛው ወገን ምንም አይሰማም። ራውተሩ ላይ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባል ነገር በርቶ አገኘ። የኢንተርኔት ስልክን ለማገዝ የተሠራ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የጥሪውን አድራሻ ያበላሻል። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪ እንዲበራ ስለሚፈልግ ዝም ብሎ አላጠፋውም። ደውሎ ጠየቀ፣ ከዚያ አጠፋው። የነካውን ሁሉ፣ በፊት ምን እንደነበረና አሁን ምን እንዳደረገው፣ በወረቀት ጽፎ ራውተሩ ጀርባ ላይ ለጠፈልኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ማታ 2 ሰዓት ላይ ራሱ ደወለ። "ሁሉም ስልክ ቻርጅ ላይ ነው?" አዎ አልኩት። "በይ አሁን ለእናትሽ ደውዪላቸው።" ደወልኩ። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ አዳመጠችና "ከኋላሽ የሚስቀው ማነው?" አለችኝ። ልጄ ነበረች፣ ሌላ ክፍል ውስጥ። ጥፋቱ የመስመሩ እንጂ የጆሮዋ እንዳልነበረ ስነግራት "ተባረክ በይልኝ" አለች። ይኸው ብያለሁ፣ ተባረክ ወንድሜ።

ድምፅ የሚቆራረጥባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለሁለት ሦስት ቀን ያህል የሚቆራረጠው እናንተ ጋ ይሁን ወይስ ከወዲያኛው ወገን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ያኔ ቤት ውስጥ ምን ምን እንደተከፈተ እየጻፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።