ለዲኤክስ የሚሸጠው ኮፒ ካርቡሬተር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መኪና ያዋጣል?

ጠዋት አልነሳ ያለ ወይም ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ያለ ዲኤክስ (አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ) ደሴ ላይ ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያው ፍርድ «ካርቡሬተሩ አልቋል» የሚል ነው፤ ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ ማለት ነው። መለዋወጫ ሱቁም አያስቸግርም፤ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ የሚያብለጨልጭ አዲስ ካርቡሬተር ከካርቶን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥላችኋል። ይህ ግምገማ ስለዚያ ዕቃ ነው፤ ለቶዮታ 4ኬ ሞተር (1290 ሲሲ) ተብሎ ስለሚሸጠው ኮፒ። ከጎኑ ስለሚሸጡት የጥገና ኪትና ሳልባጅ (ያገለገለ) ኦሪጅናልም እግረ መንገዳችንን እናነሳለን። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ ግን ከሚገዙት ብዙዎቹ አያስፈልጋቸውም፣ ለሚያስፈልጋቸውም ከካርቶኑ እንደወጣ ተገጥሞ አይሠራም።

መጀመሪያ አለማስፈለጉን እናጣራ። ሞተሩ ጭራሽ የማይዞር ወይም እየተንፏቀቀ የሚዞር ከሆነ ካርቡሬተሩን አትንኩት። ደሴ ቁልቁለት የማይታጣባት ከተማ ስለሆነች ባትሪው የደከመ መኪና ለወራት በግፊት እየተነሳ ይኖራል፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚረዳው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ሲቆምበት ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ችግሩ ባትሪው ወይም ሞተሪኖው ነው። ሞተሩ ተነስቶም ከ13.8 እስከ 14.8 ቮልት ካላሳየ ወደ ዲናሞው ሂዱ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የማሳ ገመዱ ነው፦ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ፖል ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሞተሪኖውን አሽከርክሩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ኤሌክትሪክ እየበላ ነው፤ ፍቱት፣ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱት፣ መልሳችሁ አጥብቁት። ለዚህ አንድ ብር አይወጣም።

ሞተሪኖው ደህና እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ ተራው የእሳት ነው። እዚህ ላይ አንድ ምልክት እንደ ፊርማ ግልጽ ነው፦ ሞተሩ ቁልፍ ተይዞ እያለ ይነሳና ቁልፉ ሲለቀቅ ወዲያው ይጠፋል። ይህ ካርቡሬተር አይደለም። በፑንቲና (የእሳቱን መስመር እየከፈተ በሚዘጋው መገናኛ) የሚሠራው ሞተር ቦቢናው (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው ጥቅል) አጠገብ ነጭ የሸክላ ሬዚስተር አለው። ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ሬዚስተሩን ዘሎ በቀጥታ ቦቢናው ይገባል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን በሬዚስተሩ በኩል ያልፋል። ሬዚስተሩ ከተቃጠለ እሳቱ እዚያው ላይ ይቆማል። ቦቢና የምትገዙ ከሆነም ሻጩን «ሬዚስተር የሚፈልግ ነው ወይስ የማይፈልግ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚፈልገውን ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ከገጠማችሁት ይግላል፣ ፑንቲናውንም ያቃጥላል፤ የማይፈልገውን ሬዚስተር ባለው መስመር ላይ ካሰራችሁት ደግሞ እሳቱ ይደክምና በብርድ ጠዋት ያስቸግራል። ደሴ ላይ ማታ ደህና የነበረ መኪና ጠዋት እምቢ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

የፑንቲናው ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። በዓይን ግምት ወይም በሲጋራ ፓኮ ወረቀት የሚለካ መካኒክ ካጋጠማችሁ የክፍተት መለኪያ ቅጠሉን ገዝታችሁ ስጡት፤ ርካሽ ነው። ፑንቲናው አንዱ ፊቱ ጉድጓድ ሌላው ጉብታ አውጥቶ ከሆነ ኮንደንሰሩን አብራችሁ ቀይሩ፣ ያለዚያ አዲሱም በቅርቡ ያንኑ ይሆናል። ካንዴላውን ፈታችሁ ገመዱ ላይ ሰክታችሁ፣ ብረቱን ከሞተሩ አስነክታችሁ ስታሽከረክሩ ሰማያዊ ያዘለ ጠንካራ እሳት መታየት አለበት፤ ቀጭን ቢጫ እሳት አይበቃም። ገመዱን በባዶ እጅ አትያዙት፣ አካባቢውም የፈሰሰ ቤንዚን እንዳይኖር። እሳቱን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ስፒንትሮጅን ክዳን ውስጥ የሚገባ ጤዛም አይናቅም፤ በክረምት ጉም ቀኑን ሙሉ ሲጥል የስፒንትሮጅኑን ክዳን አውልቆ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ያስነሳል። ክዳኑ ውስጥ ጸጉር የመሰለ ጥቁር ስንጥቅ ካያችሁ ግን መጥረግ አይፈውሰውም።

እሳቱ ደህና ሆኖ ሚኒሞው የሚወላገድ ከሆነ ካርቡሬተሩን ከመንካታችሁ በፊት ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ፈልጉ። ወደ ፍሬኑ ማገዣ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ ሞተሩ እየሠራ በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጉት፤ ሚኒሞው ከተስተካከለ የሚያፈሰው ቱቦው ወይም ማገዣው ነው። ከዚያ በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ባለው ጥቁር ኢንሱሌተር ዙሪያ ትንሽ ውሃ ርጩ። ዙሩ በዚያች ቅጽበት ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) አልያዘም ወይም ኢንሱሌተሩ ተጣሟል። መጣመሙን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ አጥባቂው ነው፤ አንዱን ዳዶ እስከ ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። አራቱን በመስቀል፣ ትንሽ በትንሽ ነው ማጥበቅ። ይህ ስህተት ሳይታረም አዲስ ካርቡሬተር የሚገጥም ሰው ያንኑ በሽታ በአዲስ ዕቃ ይገዛል። ቫልቭ ያልተስተካከለበትም እንዲሁ ነው፤ በብሎን በሚስተካከለው 4ኬ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው።

አሁን አሮጌውን ካርቡሬተር እንየው። ኦሪጅናሉ የአይሳን ሥራ ሲሆን ፊቱ ላይ ትንሽ መስታወት አለችው፤ ቤንዚኑ መስታወቷ መሃል ባለው ምልክት ላይ መቆም አለበት። ከላይ ከሆነ የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋው መርፌ አልዘጋም፤ ከታች ከሆነ ፖምፓው፣ ፊልትሮው ወይም መርፌው ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአየር ፊልትሮው ወልቆ፣ ፔዳሉን ሰው ሲረግጥ ወደ ውስጥ ስታዩ ቀጥ ብሎ የሚረጭ ቤንዚን ይታያል። ካልተረጨ ጠዋት አለመነሳቱና ጋዝ ሲሰጥ መተኮሱ ከዚያ ነው። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ከፍታችሁ የሚኒሞ ሶሌኖይዱን (በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን የቤንዚን መዝጊያ) ገመድ ንቀሉና መልሱ፤ «ቀጭ» ካላለ ቤንዚኑ በሚኒሞ መስመር አያልፍም፣ መኪናው እግር ከፔዳል ሲነሳ ይጠፋል። እነዚህ ሁሉ በኪት ወይም በአንዲት ሶሌኖይድ የሚድኑ ናቸው። አዲስ ካርቡሬተር ለመግዛት በቂ ምክንያት የሚሆነው ከታች ያለው የስሮትል ዘንግ፣ ፔዳል ሲረገጥ የሚከፈተውን ቅጠል የያዘው፣ መላሸቁ ነው። ዘንጉን በጣት ይዛችሁ ወደ ጎን አነቃንቁት፤ ሞተሩ እየሠራ ስትነቀንቁት ዙሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ቤቱ ተበልቷል። እሱን ኪት አያድነውም።

ዘንጉ ለተበላበት ሰው እንግዲህ ኮፒው ማለፊያ ነው፤ ዘንጉ ጥብቅ ነው፣ ቾኩ በደንብ ይዘጋል፣ ከማኒፎልዱ ጋር ያለምንም መሞረድ ይገጥማል። ድክመቱ ከፋብሪካው አጨራረስ ነው። የላይኛውን ክዳን ከፍታችሁ የቤንዚን ቤቱን ብታዩ ከመቆፈሪያው የተረፈ የብረት ብናኝ ታገኛላችሁ፤ ሳይታጠብ ከተገጠመ ያ ብናኝ መጀመሪያ የሚደፍነው ቀጭኑን የሚኒሞ ቀዳዳ ነው። ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ የተስተካከለ ስለሚሆን ቤንዚኑ ከመስታወቷ ምልክት በላይ ይቆማል፤ ምላሱን በጥቂቱ ማጠፍ ያስፈልጋል። ክዳኑን የያዙት ብሎኖች ላልተው ይመጣሉ።

ከሁሉም የሚያናድደው ሁለተኛው ስሮትል ነው። ካርቡሬተሩ ሁለት ጉሮሮ አለው፤ ሁለተኛው የሚከፈተው ጋዝ በብዛት ሲሰጥ ብቻ ነው። ኮፒው ላይ የሁለተኛው ቅጠል ማቆሚያ ብሎን ትንሽ ከፍቶ የተተወበት ያጋጥማል። ያኔ የሚኒሞ ብሎኑን ሙሉ ብትፈቱትም ዙሩ አይወርድም፣ መካኒኩም ፔዳል ገመዱን ሲያላላ ይውላል። ከመግጠማችሁ በፊት ካርቡሬተሩን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ከታች ተመልከቱ፦ በሁለተኛው ቅጠል ዙሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ብሎኑን ፍቱት። በጎኑ ከመኪናችሁ ቱቦዎች ቁጥር የሚበልጥ የነፋስ አፍ ካለውም ትርፉን በጎማ ቆብ ድፈኑት፤ ክፍት የቀረ አንድ አፍ ሚኒሞውን ያበላሸዋል።

ማስተካከሉ የአካባቢው ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ደሴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ለቆላ የተሠራ ካርቡሬተር ቤንዚኑን ሳይቀንስ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ከአሥር በመቶ በላይ ይወፍራል። ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ጭሱ ቤንዚን የሚሸተው፣ ሚኒሞው «ቡብ ቡብ» የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ መኪናው በሚያድርበት ከተማ አስተካክሉት፤ ኮምቦልቻ አስተካክለው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት ሲወጡ የተበላሸባቸው ካርቡሬተሩን አይውቀሱ።

አሠራሩ ይህ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ቾኩ ሙሉ ይከፈት፣ የአየር ፊልትሮው ይገጠም። የድብልቅ ብሎኑን እስኪነካ ድረስ በቀስታ አስገቡ፤ ከጠበቀ ጫፉ ይጎዳል። ከዚያ ሁለት ተኩል ዙር ያህል ፍቱት። በሚኒሞ ብሎኑ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 750 ዙር አምጡ፤ ዲኤክስ ዙር ቆጣሪ ስለሌለው ዙር የሚያነብ ቴስተር ካልተገኘ በጆሮ ነው። የድብልቅ ብሎኑን ግራ ቀኝ እያላችሁ ዙሩ ከሁሉ የሚፈጥንበትን ቦታ አግኙ፣ ከዚያ 50 ዙር ያህል እስኪወርድ ወደ ውስጥ መልሱት። ደሴ ላይ ብሎኑ ከኮምቦልቻው የበለጠ ገብቶ ቢቆም አትደንግጡ። የቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ኃይል በሜርኩሪ ኢንች የሚለካ መሣሪያ) ያለው ጋራዥ ከሄዳችሁ ደግሞ የውጭ ቪዲዮ ላይ የሚነገረውን ከ17 እስከ 21 ኢንች ደሴ ላይ አትጠብቁ፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ስለሚቀንስ እዚህ ከ9 እስከ 13 ጤነኛ ነው። በዚህ ንባብ ብቻ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ» የተባለ ሰው ሁለተኛ አስተያየት ይጠይቅ።

የድብልቅ ብሎኑ የሚገዛው ሚኒሞውን ብቻ መሆኑም ይታወቅ። አቀበት ላይ መወፈሩን የሚወስነው ዋናው ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) ነው፤ ሁልጊዜ ደጋ ለሚሠራ መኪና አንድ ደረጃ ያነሰ ጄት ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ተዉት። በቆርቆሮ ብየዳ አጥብቦ መልሶ በመርፌ መብሳት የሚባለው ዘዴ ዕቃውን ማበላሸት ነው። ወደ ባቲ ቆላ የሚመላለስ መኪና ከሆነ ጄቱን ፈጽሞ አትንኩ። ሙቀቱ ውስጥ ቆሞ አልነሳ ካለም ቤንዚኑ ፈልቶ ሞተሩን አጥለቅልቆታል ማለት ነው፦ ቾክ ሳትስቡ፣ ፔዳሉን ሳትመላልሱ እስከ ወለሉ ረግጣችሁ አሽከርክሩ። አቀበት ላይ ከቆመባችሁ ፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉበት።

ኪቱን በተመለከተ፦ ጓርኒሲዮኖች፣ መርፌና መቀመጫው፣ የማፍጠኛ ፓምፑ ጎማ፣ ትንንሽ ኳሶችና ስፕሪንጎች ይዟል። ጠንካራ ዘንግ ላለው ኦሪጅናል ከዚህ የሚሻል ገንዘብ ማውጫ የለም። ስትፈቱ ካርቡሬተሩን ትሪ ላይ አድርጉ፤ ሲገለበጥ ከፓምፑ መስመር የስንዴ ፍሬ የማታክል የብረት ኳስ ትወድቃለች። እሷ ከጠፋች ፓምፑ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ መኪናው ጋዝ በተሰጠ ቁጥር ይደናቀፋል፣ ማንም አይጠረጥራትም። ጄቶቹን በሽቦ አትውጉ፤ አንድ የመጥረጊያ ጭራና የጎሚስታው አየር ይበቃል፣ ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ። መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን የምትጠቀሙ ከሆነ ጥቂቱን በነጭ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይተኛል። ያንን ሳያቆሙ የታጠበ ካርቡሬተር ተመልሶ ይደፈናል።

ሳልባጅ ኦሪጅናል ከኮፒው ይሻላል፣ ዘንጉ ካልላሸቀ ብቻ። ሻጩ ፊት ነቅንቁት።

ኮፒውን ለመግዛት የወሰነ ሰው አሮጌውን ፈትቶ ይዞ ይሂድ። በ21100 የሚጀምረው የዕቃ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈ ብቻ አይመኑ፤ ያ ቁጥር የቶዮታ ካርቡሬተር መሆኑን እንጂ የየትኛው ሞተር መሆኑን አይነግርም፣ የ2ኢ ሞተሩም በዚያው ይጀምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የብሎን ቀዳዳዎቹ፣ የቾክ ክንዱ ጎን፣ የገመድ መያዣው፣ የሶሌኖይዱ ሶኬት። ሱቁ ባትሪ ካለው ሶሌኖይዱን 12 ቮልት ነክተው «ቀጭ» ሲል ያሰሟችሁ። ደረሰኙ ላይ «ካልገጠመ ይመለሳል» አስጽፉ፤ ቤንዚን ከነካው በኋላ የሚመልስ ሱቅ አይገኝም።