ከዱባይ ወይስ ከሜዲትራኒያን? ከድሬ ለሚነሱ ጥንዶች የመጀመሪያ ክሩዝ ንጽጽር

የጥር ሰርግ ሲቃረብ ድሬ ላይ «ክሩዝ (በመርከብ እየኖሩ ወደቦችን የሚዞሩበት የመዝናኛ ጉዞ) ስንት ይፈጃል?» የሚል ሙሽራ አይጠፋም። ሁለት አማራጭ ይዞ ነው የሚመጣው። አንዱ ከዱባይ ተነስቶ የባሕረ ሰላጤውን ወደቦች የሚዞረው ነው፤ ሌላው ከባርሴሎና ወይም ከሮም ወደብ ከቺቪታቬኪያ ተነስቶ ሜዲትራኒያንን የሚዞረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዱባይን ያዙ። ሰባት ሌሊት፣ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል፣ ያለ መጠጥ ፓኬጅ (በቀን ሒሳብ አስቀድሞ የሚከፈል መጠጥ)። ሜዲትራኒያን ያምራል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። የሚያጣላው ፓስፖርቱና ዶላሩ ነው።

ፓስፖርቱን እናስቀድም። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ (ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በአንድነት የሚያስገባው) አሰጣጥን አጥብቋል፦ ደጋግሞ የሚያስገባው «መልቲፕል» ቪዛ እንዳይሰጥ፣ የመልስ ጊዜውም ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል። በአውሮፕላን ሄዶ በአውሮፕላን ለሚመለስ ሰው ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ለክሩዝ ተሳፋሪ ግን ጉዞውን ያስቀራል። መርከቡ ከጣሊያን ተነስቶ ቱርክን፣ ቱኒዚያን ወይም ሞንቴኔግሮን ነክቶ ሲመለስ እናንተ ከሼንገን ወጥታችሁ እንደገና እየገባችሁ ነው። አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ የቀረበን ሰው መርከቡ ገና ሲሳፈር ይመልሰዋል፤ የከፈለውም ቀልጦ ይቀራል። ስለዚህ ሜዲትራኒያን የግድ ካላችሁ፣ ወደቦቹ በሙሉ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ማልታ፣ ግሪክ ወይም ክሮኤሺያ የሆኑበትን መስመር ብቻ ምረጡ። ክሮኤሺያ ሼንገን የገባችው በ2023 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የቆየ ጽሑፍ አይታችሁ እንዳትሳሳቱ። ደንቡም ሊለወጥ ስለሚችል በምታመለክቱበት ሳምንት ኤምባሲውን ጠይቁ።

የሼንገን ማመልከቻ የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ክፍያው ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ሲሆን ቢከለክሏችሁም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፤ አሻራ ለመስጠት ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ አለ። የጋብቻ ማስረጃ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ወይም የሸሪዓ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ በወሳኝ ኩነት አስመዝግባችሁ የምስክር ወረቀቱን ያዙ። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው የየአባታቸውን ስም ስለሚይዙ ፈረንጁ በስም ብቻ አያገናኛችሁም።

ቀኑንም አስሉት። ብዙዎቹ ድርጅቶች ሙሉ ክፍያ የሚፈልጉት መርከቡ ከመነሳቱ ከ60 እስከ 90 ቀን አስቀድሞ ነው። ቪዛው 45 ቀን ከፈጀና ዘግይታችሁ ካመለከታችሁ፣ መልሱ ሳይመጣ ሙሉውን ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ማመልከቻ የሚቀበሉት ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሆነ ለጉዞው አምስት ወር ሲቀረው አመልክቱ፤ ቀብዱም የሚመለስ ይሁን። ርካሹ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ቀብዱ የማይመለስበት ነው።

የዱባይ ቪዛ በቀናት ውስጥ ይወጣል፣ ግን እሱም አንድ ወጥመድ አለው። መርከቡ ከኤምሬትስ ወጥቶ ዖማንን፣ ኳታርን ወይም ባሕሬንን ጎብኝቶ ዱባይ ይመለሳል፤ አንዴ የሚያስገባው የ30 ቀን ቪዛ ደግሞ በመጀመሪያው መውጫ ያበቃል። ደላላ «ረከሰልኝ» ብሎ የሚያመጣላችሁ ይኼንኑ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱ ላይ «ሲንግል» ወይስ «መልቲፕል» እንደሚል አንብባችሁ ክፈሉ። ለሌሎቹ ወደቦች የክሩዙን ድርጅት በኢሜይል ጠይቁ፤ እያንዳንዱን ወደብ በስሙ ጥቀሱ፣ የያዛችሁት የኢትዮጵያ ፓስፖርት መሆኑን ጻፉ፣ መልሱን አትማችሁ ያዙ። «እኛ ከመርከብ አንወርድም» ማለት አያድንም፤ የአንዱ ወደብ ቪዛ ከጎደለ ጭራሽ ላያሳፍሯችሁ ይችላሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው፣ ቢጫ ካርዱም፣ አይረሳ፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

አሁን ዋጋው። የክሩዝ ማስታወቂያ የሚጽፈው የአንድ ሰው ዋጋ ነው፤ ያውም ክፍሉን ሁለት ሆናችሁ እንደምትይዙ ታስቦ። እናንተ ጥንዶች ስለሆናችሁ ይጠቅማችኋል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው እስከ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። «ከ550 ዶላር ጀምሮ» የሚለውን ለምሳሌ እንውሰድ። ለሁለት 1,100 ነው። የወደብ ቀረጥ ካልተካተተበት፣ በነፍስ ወከፍ 120 ብንል 240 ይጨመራል። የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ጉርሻ አለ፤ በአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ከ12 እስከ 20 ዶላር ይደርሳል፣ በ15 ብታሰሉት ለሁለት ሰው ሰባት ሌሊት 210። እዚህ ላይ 1,550 ደረስን፤ ያለ አውሮፕላንና ያለ ቪዛ።

ሻጩ ቀጥሎ የሚያመጣው ሁለት ነገር ነው፦ ባልኮኒ (በረንዳ ያለው ክፍል) እና የመጠጥ ፓኬጅ። ባልኮኒው በነፍስ ወከፍ 300 ቢጨምር 600። ፓኬጁ በቀን 50 ቢሆን ለሁለት ሰው በሰባት ቀን 700። ድምሩ 1,300 ዶላር፣ ከመነሻው የሁለታችሁ ቲኬት የሚበልጥ። ብዙ ድርጅቶች ደግሞ አንዱ ፓኬጁን ከገዛ በዚያው ክፍል ያለው ሌላው አዋቂም እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ከሁለት አንዱ አልኮል የማይቀምስ ከሆነ፣ ድሬና ሐረር ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ የለስላሳ ዋጋ በ50 ዶላር እየከፈላችሁ ነው። መጠጡን በነጠላ ግዙ። በአውሮፓ ድርጅቶች መርከብ ላይ በእራት ሰዓት የሚቀርበው የታሸገ ውኃ እንኳ ሊያስከፍል ስለሚችል ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ባልኮኒ በባሕረ ሰላጤው መስመር ያን ያህል አይጠቅምም። መርከቡ አብዛኛውን የሚጓዘው በሌሊት ነው፤ ቀን ወደብ ላይ ቆሞ ይውላል፣ ከበረንዳችሁ የሚታየውም ኮንቴይነርና ክሬን ነው። ለባልኮኒ የሚወጣው ገንዘብ መስመሩ ውብ ሲሆን፣ ለምሳሌ ለኖርዌይ ፊዮርዶች (በተራሮች መሐል ለሚገቡት የባሕር ሰርጦች)፣ ይገባል። የውስጥ ክፍል ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ እንቅልፉ ይጣፍጣል። ሲነጋ ግን አታውቁም፤ ማንቂያ ሙሉ።

የክፍሉ ቦታ ከዓይነቱ ይበልጣል። መርከብ ሲናወጥ እንደ ሚዛን ጫፍና ጫፉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መሐሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ መሐል ላይና ታችኛው ፎቅ ላይ ያለውን ያዙ። የመርከቡን ፕላን ከፍታችሁ ከላይና ከታች ምን እንዳለ እዩ፤ ከላይም ከታችም ሌላ መኝታ ክፍል ካለ ጥሩ ነው። ከላይ የመዋኛው ፎቅ ከሆነ ንጋት ላይ ወንበር ሲጎተት ትሰማላችሁ። ከታች ቲያትሩ ወይም ጭፈራ ቤቱ ከሆነ ሌሊቱን። ክፍሉን ድርጅቱ ራሱ የሚመድብላችሁ «ጋራንቲ» የሚባለው ዋጋ የሚረክሰው ይህን ምርጫ ስለሚወስድባችሁ ነው፤ ባሕር የሚያስመልሰው ሰው አይግዛው። ያስመልሰኝ ይሆን ብሎ የሚሰጋ የድሬ ልጅ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ታጁራ በሚሻገረው ጀልባ ራሱን ሊፈትን ይችላል፤ ከክሩዝ መርከብ ይልቅ ጀልባው ነው የሚያናውጠው።

ወቅቱ ለዱባይ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ከፋሲካ በኋላ የምታገቡ ከሆነ መርከቦቹ ወደ አውሮፓ ሄደዋል፤ እስከ ኅዳር መታገሥ ይሻላል። የጥር ሙሽሮች ደግሞ ዐቢይ ጾም ሊገጥማችሁ ስለሚችል የጾም ምግብ፣ ሙስሊሞች ከሆናችሁም ሐላል፣ ስትመዘገቡ በጽሑፍ አስይዙ። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ መርከቦቹ ከአውሮፓ ሲመጡና ሲሄዱ በሚያልፉበት በቀይ ባሕር በደረሰ ጥቃት የተነሣ ድርጅቶች ጉዞ የሰረዙበትና መስመር የቀየሩበት ጊዜ ስላለ የአውሮፕላን ቲኬታችሁ ቀን የሚቀየርበት ይሁን። ዱባይም መርከቡ ከሚነሳበት ቀን አንድ ሌሊት ቀድማችሁ እደሩ። የድሬው በረራ ዘግይቶ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቢያመልጣችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም።

ክፍያ ላይ ተጠንቀቁ። ባንክ ዶላር ሲሸጥላችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስለሚጠይቅ ቪዛው መቅደም አለበት። መርከብ ላይ ሁሉም ነገር በክፍላችሁ ካርድ ይመዘገባል። ከባንክ ያወጣችሁትን ቅድመ ክፍያ ካርድ ለሒሳቡ ዋስትና ከሰጣችሁ ገንዘቡን ለቀናት ያግዱታል፤ ከወረዳችሁ በኋላም ቶሎ አይለቀቅም። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ መቀበያው ሄዳችሁ ጥሬ ዶላር ማስያዝ ይሻላል።

ከደላላ የሚገዛ ፓኬጅ ካለ የሚያምር ማኅተም ያለበት ወረቀት አትመኑ። የቦታ ማስያዣ ቁጥሩን ተቀበሉና በክሩዝ ድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ከስማችሁ ጋር አስገቡት። መርከቡ፣ ቀኑና ክፍሉ ካልወጣ ቦታ የለም፣ ወረቀት ነው የገዛችሁት። ስሙም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መሆን አለበት።

ኮፒ ዕቃም ጣጣው ብዙ ነው። ከድሬው ታይዋን ገበያ የሚገዛ ሻንጣ የታዋቂ ስም ይለጠፍበታል፤ ስሙን ትታችሁ ጎማውን ገልብጡና እዩ። በቪቴ የታሰረ ከሆነ ሲሰበር እዚሁ ይቀየራል፤ በሪቬት የተመታ ከሆነ ግን ለጠጋኝም አይመችም። ዚፑን በቢክ እስክሪብቶ ጫፍ ጫን ብላችሁ ፈትኑ፣ ከተከፈተ ተዉት። 20 ኪሎ ጤፍ ጨምራችሁ ኮብልስቶን ላይ መቶ ሜትር ጎትቱት። ጨርቅ ሻንጣ ከደረቁ ይሻላል፣ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አልጋ ሥር ይገባል። ወደቡ ላይ ያስረከባችሁት ሻንጣ ክፍላችሁ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና የመዋኛ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ፓወር ባንክ ላይ ደግሞ አስቂኝ ነገር አለ። ያለ ልዩ ፈቃድ አውሮፕላን ላይ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ ማለትም 27,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ። ኮፒው ላይ «50,000» ተብሎ ይጻፋል፤ ውስጡ የዚያን ሩብ እንኳ ባይዝም በጽሑፉ ይወረሳል። ለቻርጀር አትጨነቁ፣ ብዙዎቹ መርከቦች የእኛው ሁለት ክብ እግር የሚገባበት ሶኬት አላቸው። ሦስት ጠፍጣፋ እግር ማስተላለፊያ የሚያስፈልገው ለዱባይ ሆቴል ነው። ካውያ፣ የውኃ ማፍያ፣ ከሰልና ዕጣን በእሳት ምክንያት አይገቡም። ቡና በጀበና ማፍላት የለም። የሐረር ሰዎች ደረቅ ቁጢ (የቡና ቅጠል) ከያዛችሁ ፈላ ውኃ ከምግብ አዳራሹ ታገኛላችሁ።

ጫት ግን በቀልድም አይሆንም። ጅቡቲ የለመደ ሰው ይዘናጋል፤ በኤምሬትስ ሕግ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው። የጃኬት ኪስና የሻንጣ ጥጋጥግ አራግፉ። ትራማዶልና ኮዴይን ያለበት መድኃኒትም ያለ ፈቃድ አይገባም።

ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ብዙ ድርጅቶች በጉዞው ውስጥ 24 ሳምንት የሚሞላትን አያሳፍሩም፤ ከዚያ በታችም ቢሆን የሐኪም ደብዳቤ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሰዓት። የመርከቡ ወረቀት «17:00 መሳፈሪያ» ሲል በእኛ 11 ሰዓት ነው፣ 5 ሰዓት አይደለም። ዱባይና ዖማን ከድሬ አንድ ሰዓት ይቀድማሉ፤ ዶሃና ባሕሬን ከድሬ እኩል ናቸው። ዶሃ ስትወርዱ ስልካችሁ ራሱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል፣ መርከቡ ግን በዱባይ ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። ከመውረዳችሁ በፊት በሩ ላይ የተለጠፈውን የመርከቡን ሰዓት ፎቶ አንሱ፤ በመርከቡ አስጎብኚ ካልሄዳችሁ ዘግይቶ የመጣን ሰው ቆሞ አይጠብቅም።