ጥቁርና ነጭ ክላሲክ ፊልም ልትገዙ ነው? ዲቪዲ፣ ብሉሬይ፣ 4ኬ ወይስ ስትሪሚንግ

መጀመሪያ የተሸወድኩበትን ልንገራችሁ። «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የሚባለውን የ1968ቱን የዞምቢ ፊልም ታውቁት ይሆናል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ እየደጋገምኩ አልጽፍም)። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ሪስቶርድ ኤችዲ» (ታድሶ በከፍተኛ ጥራት የወጣ) የሚል ብሉሬይ ዲስክ አገኘሁና ሳላቅማማ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ስከፍተው ገና መጀመሪያው ላይ መኪናዋ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ መቃብሩ ስትመጣ ዛፎቹ ቅጠል የላቸውም፣ ማለቴ አላቸው ግን አይታይም፣ ግራጫ ጭቃ የተለሰነባቸው ነው የሚመስሉት፣ መንገዱም ከሳሩ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሆኗል። ኋላ ነው የገባኝ፣ የሆነ የድሮ የቲቪ ቴፕ ወስደው በሶፍትዌር ወደ 1080 መስመር ለጥጠውት ነው። ሽፋኑ አልዋሸም እኮ፣ ዲስኩ ኤችዲ ነው። ምስሉ ነው ያልሆነው።

ይሄ ፊልም ላይ እንዲህ አይነት ነገር የበዛው በምክንያት ነው። ሲወጣ አከፋፋዩ የፊልሙን ስም ሲቀይር አዲሱ ርዕስ ላይ የኮፒራይት ምልክቱን ሳያስገባው ቀረ፣ በዛን ጊዜ የአሜሪካ ህግ ደግሞ ምልክቱ ከሌለ መብቱም የለም፣ ስለዚህ ማንም ሰው እጁ ላይ ካለው ኮፒ እያባዛ ሲሸጠው ኖረ። ትክክለኛው ሪስቶሬሽን ግን አለ። የኒውዮርኩ ሞማ ሙዚየም ፊልም ፋውንዴሽን ከሚባለው የድሮ ፊልም አስጠባቂ ድርጅት ጋር ሆኖ ከዋናው የካሜራ ኔጋቲቭ በ4ኬ (የ1080 አራት እጥፍ ገደማ ፒክስል) ያሰራው በ2016 ታየ፣ ክራይቴሪየን የሚባለው የክላሲክ ፊልም አሳታሚ ደግሞ በ2018 በብሉሬይ አወጣው። እሱን ገዝቼ ያንኑ መንገድ ስመለከተው ሳሩ ሳር ነው፣ ዛፉ ዛፍ ነው፣ የመቃብሩ ድንጋይ ሸካራ መሆኑ በአይን ይዳሰሳል። ልብ በሉ፣ ይሄኛውም 1080 ነው፣ ያኛውም 1080 ነበር።

ስለዚህ 4ኬ ወይስ ብሉሬይ ብላችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ከምን ላይ ነው ስካን የተደረገው ብላችሁ ጠይቁ። ኔጋቲቭ ማለት ካሜራው ውስጥ የነበረው ፊልም ራሱ ነው። ከሱ ማስተር ይታተማል፣ ከማስተሩ ሁለተኛ ኔጋቲቭ፣ ከሁለተኛው ኔጋቲቭ ደግሞ ሲኒማ ቤት የሚሄደው ኮፒ። ፎቶኮፒን መልሶ ፎቶኮፒ እንደማድረግ በሉት፣ በየደረጃው ጥቁሩ ይጠቁራል፣ ነጩ ይነጣል፣ መሃል ያለው ግራጫ እየሳሳ ይሄዳል። የቀለም ፊልም ቢሆን ቀለሙ ትንሽ ይሸፋፍንላችኋል፣ እዚህ ግን ያለው ግራጫ ብቻ ነው፣ እሱ ከሄደ ምን ቀረ? አንዳንዴ ደግሞ ኔጋቲቩ ጭራሽ የለም። የ1954ቱ «ሰባቱ ሳሙራይ» ዋናው ኔጋቲቭ ጠፍቷል፣ የምናየው ሪስቶሬሽን በሙሉ ከሱ ከተወሰደ ኮፒ የተሰራ ነው፣ ስለዚህ 4ኬ ዲስኩ ላይ የፀጉር ዘለላ ካልቆጠርኩ ብላችሁ ገንዘባችሁን ይመለስልኝ እንዳትሉ።

በተቃራኒው ደግሞ ተአምር የሚመስል አለ። የህንዳዊው ዳይሬክተር የሳትያጂት ሬይ የአፑ (ዋናው ገጸ ባህሪ ነው) ሦስት ፊልሞች ኔጋቲቭ በ1993 ለንደን ውስጥ እሳት በላው፣ ተጣጥፎ ደርቆ ጫፉ አሮ ቀረ። ከሃያ ዓመት በኋላ ጣሊያን ቦሎኛ ያለው ሊማጂኔ ሪትሮቫታ የሚባለው ላብራቶሪ ያንን የደረቀ ፊልም እርጥበት እየሰጠ አለሰለሰው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ያሉትን የተቃጠሉ ቀዳዳዎች በእጅ እየጠገነ፣ የቀለጠ ፕላስተር እየላጠ ወደ አንድ ሺህ ሰዓት የሚጠጋ የእጅ ስራ ፈጀበት። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ፊልም 40 በመቶ፣ ከሁለተኛው ከ60 በመቶ በላይ ከዛው ከተቃጠለው ኔጋቲቭ ተገኘ፣ የቀረው ከሌላ ኮፒ ተሞላ። ሪስቶሬሽን ስትሉኝ እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣው ይሄ ነው፣ የሆነ ሰው ኮምፒውተር ላይ አንድ በተን ተጭኖ ሻይ ሊጠጣ የወጣበት አይደለም።

እሺ አሁን ወደ ምርጫው።

ዲቪዲን ቶሎ እንለፈው። 480 መስመር ነው፣ በአውሮፓው ሲስተም 576። የአውሮፓው ላይ ደግሞ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸው በ25 ስለሚሄድ ፊልሙ በ4 በመቶ ይፈጥናል፣ መቶ ደቂቃው 96 ይሆናል፣ ካላስተካከሉት ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ፊልሙ በሌላ ነገር ካልወጣ (ብዙ አሉ እንደዚህ አይነት) ግዙት፣ ከወጣ ተዉት።

ብሉሬይ ላይ ነው ልቤ ያለው። 1920 በ1080 ነው፣ ግን የድሮ ፊልም ወርዱ ጠባብ ስለሆነ፣ ከፍታው አንድ ከሆነ ወርዱ 1.37 ነው፣ ምስሉ የሚይዘው 1480 ገደማ ፒክስል ነው፣ ግራና ቀኝ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይሄ ጉድለት አይደለም! አንዳንድ ሻጭ «ሙሉ ስክሪን» እያለ ከላይና ከታች ቆርጦ ቲቪውን ይሞላላችኋል፣ ሩብ ገደማ የሚሆነው ምስል ሄደ ማለት ነው፣ ግንባር የሌለው ሰው ታያላችሁ። ከ1953 በፊት የተሰራ ፊልም ሙሉ ስክሪን ሆኖ ከመጣላችሁ መልሱት። ከጥሩ ኔጋቲቭ በ4ኬ ስካን ተደርጎ ብሉሬይ ላይ የወረደ ፊልም መካከለኛ ስፋት ባለው ቲቪ ላይ ከሶፋ ሆናችሁ ስታዩት ከ4ኬ ዲስኩ መለየት ይከብዳችኋል፣ እኔም ይከብደኛል፣ ተጠግቼ ካላፈጠጥኩ በስተቀር።

ታዲያ 4ኬ ዲስክ ለምን? ሰው ሁሉ ፒክስል ነው የሚያወራው፣ ለጥቁርና ነጭ ግን ትልቁ ጥቅሙ ፒክስሉ አይመስለኝም፣ ግራጫው ነው። ብሉሬይ 8 ቢት ነው፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው ደረጃ ወደ 220 ነው። 4ኬ ዲስክ ባለ 10 ቢት ስለሆነ ወደ 880 ደረጃ አለው። ጭጋግ ያለበት ሲን፣ ወይ ሲጋራ ጭስ መብራት ስር ሲንሳፈፍ፣ ወይ ግድግዳ ላይ ቀስ እያለ የሚጨልም ጥላ ቢኖር ብሉሬዩ ላይ አንዳንዴ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ መስመር ይታያል፣ 4ኬው ላይ ግን ጭሱ ጭስ ሆኖ ነው የሚያልፈው። ኤችዲአር (በጨለማውና በደማቁ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰፋው) ሲጨመርበት የመብራቱ ነጭና የግድግዳው ነጭ ይለያያሉ። ግን ይሄ ሁሉ የሚታየው ቲቪያችሁ ጥቁሩን በትክክል ጥቁር ማድረግ ከቻለ ነው። ኦሌድ (እያንዳንዱ ፒክስል ለብቻው የሚበራና የሚጠፋበት ስክሪን) ከሆነ እሰየው፣ ርካሽ ኤልሲዲ ከሆነ ጥቁሩ አመድ ስለሚሆን ለ4ኬ የምትጨምሩት ብር ሌላ ብሉሬይ ይገዛላችሁ።

ስትሪሚንግ ይመቻል፣ አልክድም፣ እኔም የማላውቀውን ፊልም መጀመሪያ የምቀምሰው እዛ ነው። ችግሩ ግሬን ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚርመሰመሰው ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ምስሉ ራሱ ከዛ ከብር ማዕድን ቅንጣት ነው የተሰራው። እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ደግሞ ቦታውን ይቀይራል፣ ስለዚህ ለኮምፕረሽን (ፋይሉን ጨምቆ ለማሳነስ) ጠላት ነው፣ ብዙ ዳታ ይበላል። ኔትፍሊክስ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት በሰከንድ ኢንተርኔት ይበቃል ይላል፣ 4ኬ ዲስክ እስከ 128 ይሄዳል፣ እንግዲህ ልዩነቱን እናንተ አስቡት። ስትሪሙ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚጥለው ግሬኑን ነው፣ ሰማዩ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ጨለማው ጥግ ይፈላል። ደሞ የወደዳችሁት ፊልም አንድ ቀን ከፍታችሁ ስትፈልጉት የለም፣ ኮንትራቱ አልቋል በቃ።

ዲስክም ቢሆን ግን ግሬኑን ሆን ብሎ የሚያጥብ አለ፣ ይሄ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። «ጥርት ያለ» እንዲመስል በኖይዝ ሪዳክሽን (ቅንጣቱን በሚያጠፋ ሶፍትዌር) ያጥቡታል፣ ከዛ ጠርዝ ጠርዙን ሻርፕ ያደርጉታል። እንዴት ታውቁታላችሁ? የተዋናይ ፊት ጎልቶ የሚታይበት ሲን ላይ ፖዝ አድርጉና ጉንጩን እዩት፣ ሻማ ከመሰለ ታጥቧል። ቅንድቡን እዩ፣ ፀጉር ፀጉሩ ካልተለየ ታጥቧል። ኮሌታው ዙሪያ ነጭ መስመር ካለ ሻርፕ ተደርጓል። በኤአይ 4ኬ ተደረገ የሚባለውማ የባሰ ነው፣ ከፊት ያለው ሰው ያምራል፣ ከኋላ ያሉት ሰዎች ፊት ላይ አይንና አፍ የት እንዳለ ማሽኑ በግምት ነው የሚስለው፣ አንዳንዴ ያስፈራል በእውነት።

በተቃራኒው ጭረት አይታችሁ ቶሎ አትፍረዱ። የ1927ቱ «ሜትሮፖሊስ» ላይ ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ የነበረው 25 ደቂቃ ገደማ በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ የተገኘው በ16 ሚሊሜትር (ከሲኒማው 35 ሚሊሜትር ያነሰ ፊልም) ኮፒ ነበር፣ እሱም ክፉኛ የተጫረ፣ ስለዚህ ዲስኩን ስታዩ ጥርት ብሎ እየሄደ ድንገት ዝናብ የሚዘንብበት የሚመስል ቦታ ይመጣል። ዲስኩ አልተበላሸም። እነዛን ጭረቶች አጥፉ ቢባል አብሮ የሚጠፋው ምስሉ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የዲስኩን ጀርባ አንብቡ። ጥሩ አሳታሚ «ከ35 ሚሊሜትር የካሜራ ኔጋቲቭ በ4ኬ ስካን የተደረገ» ብሎ ይጽፋል፣ ማን እንደሰራውም ይናገራል፣ ላለመናገር ምክንያት የለውም። «ዲጂታሊ ሪማስተርድ» ብቻ ብሎ ዝም ካለ ግን ጠርጥሩ። ድምፁንም እዩ፣ የነዚህ ፊልሞች ድምፅ ከጥቂቶች በስተቀር ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) ነው፣ ሞኖው ተትቶ 5.1 (ከዙሪያ የሚመጣው ባለ ብዙ ቻናል) ብቻ ከቀረበ ሆን ብለው ዘርግተውታል ማለት ነው፣ እርምጃው ከግራ ንግግሩ ከመሃል እየመጣ ይረብሻል።

ማጫወቻ ላይ እንዳትሸወዱ። 4ኬ ዲስክ ተራ ብሉሬይ ፕሌየር ውስጥ አይሰራም፣ 4ኬ ፕሌየር ግን ብሉሬዩንም ዲቪዲውንም ያጫውታል። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ይሰራል፣ ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ግን «4ኬ» እየተባለ ቢሸጥም 4ኬ ዲስክ አያነብም፣ ይሄ ብዙ ሰው አቃጥሏል። ብሉሬይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባል የክልል ኮድ አለው፣ ከሌላ አገር ስታዙ አይታችሁ፤ 4ኬ ዲስክ ላይ ግን የክልል ኮድ የሚባል ነገር የለም።

ቲቪውን ደግሞ ፊልም ሜከር ሞድ ላይ አድርጉት፣ ከሌለው ሲኒማ የሚለው ላይ። እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉት፣ ሻርፕነሱን ዝቅ አድርጉ፣ የቀለሙን ሙቀት ዋርም ላይ። መጀመሪያ ቢጫ ቢጫ ይላችኋል፣ አስር ደቂቃ ታገሱት። የለመዳችሁት ነጭ ሰማያዊ ነበር።